የደብተሩ ሰኪና

ሰኪና አሜሪካ፣ ሲታክ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል በቀን አሥራ አራት ክፍል ታጸዳለች። አሥራ አራት ክፍል ማለት ሃያ ያህል አልጋ ነው፤ አልጋ ማለት ደግሞ ከባዱን ፍራሽ በጉልበት ቀና አድርጎ አንሶላውን ከሥር መወተፍ ነው። እንዲህ ስትል ሰባት ዓመት አለፋት። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፤ ወገቧን ከጠየቃችሁት ግን ስድሳ ይላችኋል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «አለሁ» ትላለች። ከዚያ በላይ ለማውራት አቅም የላትም።

ቢደክማትም ግን የምትጽናናበት አንድ ነገር ነበራት። ወሎ ውስጥ፣ መኪና ከማይወጣው ኮረብታ ላይ፣ ሦስት ጥማድ መሬት፣ አንዲት የጭቃ ቤትና ከጓሮዋ አርባ የሚያህል ባህር ዛፍ አላት። አውቶቡስ ስትጠብቅ ዛፎቹን በሐሳቧ ትቆጥራለች። አዛውንት እየጠበቀች የምታድረው ደባሏ ልዕልት ግን፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» እያለች ትስቅባታለች። ሰኪና አትቀየማትም፤ ልዕልት የሰማይ ላም እንኳ የላትም።

መሬቱ ተለክቶ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍ ተብሎ ነበር። ፎቶ አንሺው ያን ዳገት የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ደህና ሻሽ ያላት ሰኪና ስለነበረች የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በየተራ የእሷን ሻሽ እያሰሩ ተነሡ። የዚያ መንደር ደብተሮች ዛሬም ቢገለጡ ሚስቶቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

ከባሏ ከይመር ጋር ልጅ አልጸና ብሏቸው ያለ ጠብ ተፋቱ። ሦስት ጥማድ ለሁለት ቢከፈል ለማንም አይበቃም ብለው ደብተሩን እንዳለ ተዉት። እሷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ዲቪ ደረሳት። ይመር ቢልቂስን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። በኋላ ደብተሩ ይታደስ፣ ሚስቲቱም ቀርባ ትፈርም ሲባል ይመር ጨነቀው፤ አገር ጥሎ የሄደ ሰው መሬቱ ይወሰዳል ይባላልና። ቢልቂስ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ቀረበች። «ሰኪና!» ሲሏት «አቤት» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። መንደሩ ሁሉ አወቀ፣ መንደሩ ሁሉ ዝም አለ። ይመር ደውሎ ሲነግራት ሰኪና ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። «ትውሰደው፤ ስሜ ቢወሰድ ምን ይጎድልብኛል!» አለች።

ባለፈው ወር ይመር ሞተ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይባላል፤ የይመር ወንድም እንድሪስም አርባው ሳይወጣ ደወለ።

«እታለም፣ ያቺ ሴትዮ በስምሽ እያጭበረበረች ነው። ማክሰኞ ከወረዳ የመሬት ባለሙያ ባለይዞታዋን ሊያጣራ ይመጣል። በስልክ ብቅ በይና ሰኪና እኔ ነኝ በይልኝ። ለሥራ ሄዳ ነው፣ ትመለሳለች እለዋለሁ። ውክልና ላኪልኝ፤ እያረስኩ እጠብቅልሻለሁ። ከባህር ዛፉ ሥር ቆንጆ ቆርቆሮ ቤት እሠራልሻለሁ። ደክሞሻል እኮ፤ መጥተሽ ታርፊያለሽ።»

እንድሪስ ተንኮለኛ ነው፤ ይህን ከድሮም ታውቃለች። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ «ደክሞሻል» ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው። አንጀቷን በላት።

በማግስቱ ቢልቂስ ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። «እትዬ፣ አልለምንሽም። መሬቱም ስሙም ያንቺ ነው። ልጆቹን ይዤ ወዴት እንደምወርድ ብቻ ንገሪኝ፤ የአባቴን መሬት ወንድሞቼ ተካፍለውታል» አለች። ሰኪና «አስብበታለሁ» ብላ ዘጋችው።

ልዕልት ነገሩን ሰምታ፣ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ ቀላቅላ «ሶ ምን ያስጨንቅሻል? ሲደውል ኮሉን አታንሺው!» አለቻት።

«ካላነሳሁት እንድሪስ ለባለሙያው ያሻውን ያወራላ።»

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነበር፤ እዚያ ከቀኑ አሥር ተኩል። ሰኪና ሥራ ሳይጀመር ሆቴሉ ገብታ አንሶላ የሚቆለልበት ክፍል ውስጥ ስልኳን መደርደሪያው ላይ አቆመች። እውነቱን እንናገርና እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለእንድሪስ እሺ ልትል ቆርጣ ነበር። ማረፍ ፈልጋለች፤ ነውር አይደለም።

እንድሪስ በስልኩ መሬቱን ዞር እያደረገ አሳያት። ባህር ዛፉ፣ ቤቱ፣ እርሻው። ሰኪና ዓይኗን አጠበበች። እሷ እያለች እርሻውን መሐል ለመሐል የሚበላ ቦረቦር ነበር፤ በየክረምቱ እየሰፋ እሷንም ይመርንም ያሸነፈ። አሁን የለም። ከታች እስከ ላይ በድንጋይ ተክቦ፣ እርከን በእርከን ሆኖ፣ ላዩ ጤፍ ተዘርቶበታል።

«ያንን ቦረቦር ማን ደፈነው?»

«እ… እሷ ናት» አለ እንድሪስ ሳያስበው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከወንዝ ድንጋይ ስትሸከም። ልፊ ያላት!»

ከዚያ ወንዝ እስከ ቤቱ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ቢልቂስ ከደጁ ቆማለች፤ ልጆቹ ቀሚሷን ይዘዋል። ጎንበስ ብላ ትንሿን ልታዝል ስትል አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች፤ ቀና ለማለትም ጊዜ ወሰደባት። ሰኪና እንዲያ ቀና ማለትን ታውቀዋለች። በየቀኑ ከእያንዳንዱ አልጋ በኋላ ቀና የምትለው እንዲያ ነው።

ባለሙያው፣ ልጅ እግር ሰው፣ ደብተሩን ገልጦ ስልኩን ተቀበለ። «የይዞታው ባለቤት ወይዘሮ ሰኪና እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ሰኪና።

«ምን አሉ?»

«ሰኪና እዚያው ናት። ልጅ ያዘለችው።»

«ወላሂ ዋሸች! ወላሂ!» እያለ እንድሪስ ከጎን ጮኸ። ባለሙያው ግራ ገብቶት፣ ድንጋይ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ሸህ እብሬ ዞረ። የሰኪናን ኒካሕ ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እውነቱ የቱ ነው?»

ሸህ እብሬ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው ፊቷን አዩ። አወቋት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«የጉዳዩ ባለቤት ተናገረች እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ሌላ ምን ትሻለህ? ጻፍ።»

ባለሙያው ጻፈ። ከዚያ ስልኩን አነሣ። «ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሩቅ ዘመድ ነኝ።»

«እንግዲያው ይቅርታ እናቴ፣ ይዝጉልን። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ብቻ ናቸው የሚቀሩት።»

እሺ አለችና ዘጋችው። የአንሶላው ክምር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሰጠችው ማረፊያዋን ነው፤ ሌላ አልነበራትም።