ቀይ ናስትሮ ያለቀበት ቀን

የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ናስትሮ» ነበር የሚለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሲዞር አንድ ልማዱን አልተወም። የተበላሸ ማከፋፈያ ገመድ ሲያገኝ ባለቤቱን አዲስ እንዲገዛ ይመክርና፣ አሮጌውን «መዳቡ ይጠቅመኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ወስዶ ሳጥን ውስጥ ያጠራቅመዋል። አስቀድሞ ግን ስፒናው ላይ ቀይ ናስትሮ ይጠመጥምበታል። ቀይ ያለበትን ማንም አይሰካም፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነበር።

ሕጉን ከሁሉ አጥብቃ የምትጠብቀው ሚስቱ ነበረች። የሌሎችን ጽሑፍ በኮምፒዩተር እያረመች የምትተዳደር ሴት ናት፤ መሥሪያ ቤቷ የመኝታ ክፍሉ ጥግ ነው። ክፍሉ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ፣ እሱም ከበሩ ጀርባ። ከጠረጴዛዋ አጠገብ ሌላ እንዲያወጣላት በጠየቀችው ቁጥር «ቅዳሜ» ይላታል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ይጠራዋል። አትቆጣም። ሳረጅ እኔም ላይ ቀይ ትጠመጥም ይሆናል ብላ ትስቅበታለች።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ማከፋፈያዋ አልሠራ አላት። ከሳጥኑ ሌላ አወጣችና ደወለችለት። እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ነበር።

«አንዱ ቀይ የለውም፤ ልሰካው?»

«ቀይ ከሌለው ምን አለበት፣ ሰኪው።»

«ብርዱን አልቻልኩትም፤ ማሞቂያውንም እዚያው ላይ ላድርገው?»

ማሞቂያ የማከፋፈያ ገመድ ያግላል፤ ይህን ለማንም ደንበኛ ፈቅዶ አያውቅም። «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» አላት።

ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ሲከት፣ ጣቱ ባዶውን የናስትሮ ጥቅል ነካ። ከሦስት ቀን በፊት ናስትሮው አልቆበት፣ አንዱን ገመድ «ነገ እጠመጥምበታለሁ» ብሎ እንዲሁ ሳጥኑ ውስጥ መጣሉ ያኔ ታወሰው። ደወለ። ደግሞ ደወለ። አታነሳም።

ሲደርስ ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ነበር። እሳቱ ትንሽ ነው አሉት፤ ምንጣፉ ሥር ያለፈው ገመድ፣ ምንጣፉና የፍራሹ ጠርዝ። ሥራው አድክሟት ጋደም ብላ ነበር። የወሰዳት ጭሱ ነው።

ዛሬ ናስትሮ አይዝም፤ ቅጽል ስሙንም የሚጠራው ሰው የለም። የተበላሸ ገመድ ሲያገኝ ባለቤቱ ፊት በፒንሳ ለሁለት ይቆርጠዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት፣ ብትጠግነው ይሠራልኝ ነበር ብለው አዘኑበት። እሱ ግን ማሞቂያቸውን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካና፣ ስፒናውን በእጁ ጀርባ እየነካ ቆመ። ሂሳቡን ከፈሉት፤ አሁንም ቆሟል።

«ጨርሰህ የለ እንዴ ልጄ? ይመሽብሃል፣ ሂድ እንጂ።»

«ትንሽ ልቆይ፣ እማማ» አላቸው። «እንዳይሞቅ ልይልዎት።»