ለላሞች የመጣ ቅዝቃዜ

የአባቴ ሕመም የጀመረው በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ደጋን በምትባለው መንደራችን ማሽላ እያጨዱ ቀና አሉና «እዚህ ጋ ድንጋይ የተሸከምኩ መሰለኝ» አሉኝ።

ቆይቶ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው አልን። ገራዶ የሚኖር የባህል መድኃኒተኛ ክንዳቸውን በሚፋጅ ቅጠል አቃጠለው። ቁስሉ ውሃ ሲያፈስ በሽታው እየወጣ ነው ተባልንና አምስት ወር ጠበቅን። አባቴ ግን እየከሱ ሄዱ።

ደሴ ሐኪም ቤት አስገባኋቸው። እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም አዲስ አበባ ልኮ በአልትራሳውንድ አስመረመራቸው። ሄፓቶማ ነበር። የጉበት ካንሰር።

«ሁለቱንም የጉበት ክፍል ይዟል፤ ቆርጠን አናወጣውም» አለኝ። «ውጭ አገር እንዲህ ያለውን እጢ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ መግደል ጀምረዋል ሲባል አንብቤያለሁ። እዚህ ግን የለም።»

የመጨረሻውን አልሰማሁም። ሥራዬ ኮምቦልቻ ላይ ላሞችን ማዳቀል ነው። የኮርማ ዘር የምናቆየው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው።

በማግስቱ ናይትሮጅን የምንይዝበትን ዕቃ ሞልቼ፣ በጉልበቶቼ መሀል ይዤ የደሴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን እስክንጨርስ ከክዳኑ ነጭ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ኬላ ላይ ወታደሩ ምንድን ነው ሲለኝ «የአባቴ መድኃኒት» አልኩት። አምኜ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ አልሳቀብኝም። ክዳኑን ከፍቶ አየ።

«የጠፋው ቅዝቃዜው አይደለም» አለ። «ጉበት ውስጥ የሚገባው መሣሪያና፣ በረዶው የት እንደደረሰ የሚያሳየን ነው። ያለዚያ ደም ሥራቸውን እጎዳለሁ። በእጄ ይሞታሉ።»

ተቀመጥኩ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል። «አልሐምዱሊላህ፣ ለፍተሃል ልጄ» አሉኝ። «አሁን ዕቃህን ወደ ላሞቹ መልስ። ጊደራቸውን ይዘው የሚጠብቁህ አሉ።»

መለስኩት።

ከዚያ ሁለት ወር ቆዩ፤ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እህቴ ቤት አስተኝተናቸው፣ ሐኪሙ አሳይተስ የሚሉትን የሆድ ውሃ እየቀዳ፣ ማስታገሻ እየሰጠ፣ አንዳንድ ቀን ሾርባ እየጠጡ። ሕመሙ ሲብስ እጄን ይይዙ ነበር። ከዚያ አረፉ።

ያ ሐኪም የሌለውን አለኝ ስላላለኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ዛሬ በዚህ በሽታ የተጨነቃችሁ፣ የተቃጠለ ክንድ እስኪሽር አትጠብቁ። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሰው ሲከሳ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ውሰዱ። ይድናል ብዬ ቃል አልገባም። ገና ትንሽ ሳለ ቢገኝ ግን ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል።

ላሙ ስትከሳ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ ሳገኝ እቆጣ ነበር። አባቴ ሲከሱ አምስት ወር ዝም ብዬ አየሁ።