ሴት ያሳደጋቸው

ግራቦቫ መንደር መሃል ቆመህ «ፔትሮቪች!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ ሰው ዞር ይላል፤ የቀረው ዞር የማይለው ዮቫኖቪች ስለሆነ ነው። «ማክሬኒች!» ብለህ ብትጣራ ግን የምትዞረው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የመኪናዋን ሞተር ካላጠፋች አትሰማህም። ኔጎሳቫ ማክሬኒች ትባላለች። ከአርባ ዓመት ትንሽ አልፋለች። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ከዝላታር ተራራ ጀርባ ባሉት መንደሮች እየዞረች ከየደጁ ወተት ትሰበስባለች፤ የማታውቀው በር፣ የማያውቃት ውሻ የለም። ያን ሁሉ አገር ስታካልል ኖራ የእሷን የቤተሰብ ስም የያዘ ሌላ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ከተማ ወርዳ ስሟን ስትናገር ጸሐፊዎቹ ቀና ብለው ያዩዋታል። «ማክ... ምን አልሽኝ? የውጭ አገር ሰው ነሽ እንዴ?» ይሏታል። አባቷ ኦብራድ በሕይወት ሳለ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። «ሽንኩርት በየጓሮው ሞልቷል። የእኛ ስም ሽንኩርት አይደለም!» ይልና ቆቡን ደፍቶ ይወጣል። የመጣበትን ጉዳይ ሳያስፈጽም ስለሚወጣ በማግስቱ ኔጎሳቫ ተመልሳ መሄድ ነበረባት።

ስሙ የመጣው ከሴት ነው። የሌላው ሰው ስም ከወንድ አያት ይወርዳል፤ ከፔታር ፔትሮቪች፣ ከዮቫን ዮቫኖቪች ይሆናል። የእነሱ ግን ከማክሬና ነው። ማክሬና ቱርኮች አገሩን በሚገዙበት ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አራት ወንዶች ልጆች ትቶላት ሲሞት ትልቁ ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም። የሟቹ አርባ ሳይወጣ ወንድሞቹ መጥተው በሬዎቹን ነዱ። በሬው አልበቃቸው ብሎ ልጆቹንም ሊከፋፈሉ ተመለሱ፤ አንዱ ከብት ሊያስጠብቅ፣ አንዱ እንጨት ሊያስለቅም። ማክሬና መጥረቢያ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆመች። «በሬዎቹን ስትወስዱ ይቺን ረስታችኋታል። ማን ይምጣና ይውሰዳት?» አለቻቸው ይባላል። የመጣ አልነበረም።

በዚያ ዓመት የእርሻ ወቅት ሲደርስ ቀንበሩን በአንድ ወገን ለላሟ አሸከመች፣ በሌላው ወገን ራሷ ገባች። ትልቁ ልጇ እርፍ ያዘ። መንገደኛ ቆሞ «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ «የማክሬና ናቸው» እየተባለ ሟቹ አባት ተረሳ። ኋላ መንግሥት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ይያዝ ብሎ ባዘዘ ጊዜ አጎቶቻቸው ሽማግሌ ልከው «የአያታችሁን ስም ያዙ፣ አታዋርዱን» አሏቸው። አራቱም ያኔ ጢማቸውን ያስረዘሙ ጎረምሶች ናቸው። «አያታችንን አላየነውም። ቀንበር ውስጥ ያየነው እናታችንን ነው» ብለው ማክሬኒች ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ወንድ በጠጅ ቤትም በጦር ሜዳም አንድ ስድብ ሲከተለው ኖሯል። «ሴት ያሳደገው!» ይሉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ደም ይፋሰሳል። ማክሬኒች ግን ደረቱን ነፍቶ «አዎ! ስሟን ልንገርህ? አንተንስ ያሳደገህ ማን ነው፣ ስሙን ታውቀዋለህ?» ይላል። ኔጎሳቫም ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ውስጥ ይህንኑ ብላለች፤ አንድ ጊዜ ብላ አልበቃ ስላላት የተሳደበውን ልጅ አፍንጫ አድምታለች።

አንድ ወቅት የማክሬኒቾች ቤት ሰባት ነበር። ጦርነቱ ወሰደ፣ የሳንባ በሽታ ወሰደ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ሴቶቹ እያገቡ በባሎቻቸው ስም ተጠሩ። በመጨረሻ ጭስ የሚወጣው ከኦብራድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ኦብራድም ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሦስት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋታል። ሦስቱንም «ቤቴ ትገባለህ?» አለቻቸው። ወንድ ሚስቱ ቤት ሲገባ ዶሮ ሳይቀር ይስቅበታል፤ ሁለቱ ጠይቀዋት እንደማያውቁ ሆነው ሄዱ። ሦስተኛው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ላም አርቢ፣ አሰበበትና «እሺ ልግባ። ልጆቼ ግን በእኔ ስም ይጠሩ። ሚስቴ ቤት መግባቴ ሳያንስ በሴት ስም ልጠራልሽ?» አላት። «እንግዲያው ወተትህን ብቻ አምጣ» አለችው። እስካሁንም ወተቱን ትወስዳለች፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ወተት ነው።

ባለፈው ሐምሌ ኦብራድ ሞተ።

እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብርለት የራሱ ቅዱስ አለው። የማክሬኒቾች ኅዳር ሚካኤል ነው። ለዚህ በዓል ሰው አይጠራም፤ መጥራት ነውር ነው። የሚያውቅ ራሱ ይመጣል፣ ዘንድሮ የመጣ ለከርሞም ይመጣል። አባት ሞቶ ወንድ ልጅ በሌለበት ግን እግር ይቀራል። «ሻማቸው ጠፋ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ግድግዳና ጣሪያ እንጂ ቤት አይደለም፣ ስሙንም የሚያነሳው የለም። ኔጎሳቫ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። መጥታችሁ አክብሩልኝ ብላ አንድ ሰው ብትጠራ ያው ሻማው ጠፋ ማለት ነው፤ ማድረግ የምትችለው አዘጋጅታ መጠበቅ ብቻ ነበር።

የእናቷ እህት ኮሳራ ልታግዛት መጥታ ገና ከመድረሷ ትመክራት ጀመር።

«የሚካኤልን ሥዕል ለቤተ ክርስቲያን ስጪና ተገላገይ። ይህን ሁሉ ሥጋ ጠብሰሽ ሰው ባይመጣ ምን ትሆኛለሽ?»

«ባዘጋጅና ባይመጡ እፍረቱ የእነሱ ነው አክስቴ። ባላዘጋጅ ግን የእኔ ነው።»

«ግትር! ልክ እንደ አባትሽ።»

«ተመስገን።»

ኮሳራ የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤቱ አበልጅ ሽማግሌው ራዳሺን ነው፤ ኔጎሳቫንም ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። በሚካኤል ቀን ከእሱ በፊት ያን ደጃፍ የሚረግጥ እንግዳ የለም። ይህ ራዳሺን በዚያው ሰሞን ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሰው በተሰበሰበበት «አምሳ ዓመት ጠጥቼበታለሁ ያን ቤት። ዘንድሮ ሄጄ ማንን እንኳን አደረሰህ ልበል? የወተት ጋኑን?» ብሏል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሬ እግር አለውና ሊጡ ሳይቦካ እሷ ዘንድ ደረሰ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን ትስቅበት ነበር። ከእሱ በመሆኑ ግን አንጀቷን አቆሰላት፤ ሊጡን እያሸች አለቀሰች፣ ኮሳራም እንዳላየች ሆነች።

በበዓሉ ጠዋት ቄስ ጋቭሪሎ ዳቦውን ሊባርክ መጣ። ወጣት ቄስ ነው፤ ሚካኤል የሚያከብሩ ብዙ ቤቶች ስላሉበት ቸኩሏል። ሻማው በራ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦውንም አንስቶ፣ እንደ ልማዱ አብሮት ይዞ የሚያዞር የቤቱን ጌታ ፍለጋ ግራ ቀኙን አየ።

«ከእኔ ጋር ዳቦውን የሚያዞረው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አይ... ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ሌላ ሰው ቢኖር አባ፣ የወተቱን መኪና እሱ እየነዳ እኔ ተኝቼ አረፍድ ነበር።»

ቄሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዳቦውን አብረው አዞሩ፣ ወይን ጠጁን በመስቀል አምሳል አፈሰሱበት፣ ቆረሱ። ቄሱም ባርኳት ወደ ሌላው ቤት ሮጠ።

እኩለ ቀን ሆነ። ማዕዱ ተዘርግቷል፤ የበግ ጥብሱ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ፣ አይቡ፣ ኦብራድ ራሱ ያወጣው የፕሪም አረቄ። ለሚካኤል ንፍሮ አይቀቀልም፤ ንፍሮ ለሞተ ነው፣ እሱ ሕያው መልአክ ነው። ኔጎሳቫ ሁለት ቀን ሙሉ እሳት ዳር ስትንጎዳጎድ ሰንብታ ወገቧ ከድቷት ነበርና ምድጃው ሥር፣ ሴቶች ሁልጊዜ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ሽርጧን እንዳሰረች ቁጭ አለች። ጥብሱ ላይ ሞራው ረጋ። የመጣ የለም። ከአባቷ ቀብር ሲመለሱ እንኳ እንደዚያ ብቻዋን የሆነች አልመሰላትም።

ውሻው ጮኸ። ጩኸቱ የጠብ አይደለም፣ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ የሚጮኸው ነው። ኮሳራ በመስኮት አጮልቃ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አጥሩ ጋ ሰው ሞልቷል!»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ምን እንደሚያደርጉ እኔንጃ። ቆመዋል።»

ኔጎሳቫ ሄዳ በሩን ከፈተች። ከፊት ራዳሺን በትሩን ተደግፎ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ ቆሟል። ከኋላው ግማሽ መንደር አለ፤ ጠርሙስ የያዘ፣ አበባ የያዘ፣ እጁን የሚያፍተለትል።

«አንቺ!» አለ ሽማግሌው ከሩቅ። «በዚህ ብርድ ያቆምሽን ምን በድለንሽ ነው?»

«በሩ አልተቆለፈም። ማን ከለከላችሁ?»

«በመስኮት አየሁ እኮ! ሻማው በርቷል፣ ማዕዱ ተዘርግቷል፣ የቤቱ ጌታ ግን የለም!»

«እኔስ የት ሄጄ ነው?»

«አንቺማ ተቀምጠሻል! ምድጃ ሥር ተጎልተሻል! በሚካኤል ቀን ኦብራድ ሲቀመጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን? የቤቱ ጌታ በበዓሉ ይቀመጣል? ወጥ ሠሪዋን አየኋት፣ ጌታው ግን አልታየኝም። ጌታ በሌለበት ቤት ገብቼ ልብላ? ለማኝ ነኝ?»

ኔጎሳቫ ፊቷ እሳት ሆነ። እውነቱን ነው። አባቷ በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ይቀዳል፣ ያጎርሳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ወንበር አይነካም። እሷ ሊጡንም ሻማውንም ጸሎቱንም አልረሳችም። ይህን ግን ልብ ብላው አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በዓሉን ያየችው ከምድጃው ሥር ነው። ቢሆንም የቆሰለው አንጀቷ ዝም አላሰኛትም።

«የወተት ጋኑን እንኳን አደረሰህ ልበል ወይ ያልከውስ፣ አባባ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አየ። ራዳሺን ግን አላቀረቀረም።

«ብያለሁ። አፌን ታውቂው የለ፣ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ይቅር በይኝ።» ትንሽ አሰበ። «ግን ጋንም ቢሆን ካንቺ ይሻል ነበር፤ እሱ ቆሞ ነው የሚውለው!»

ኮሳራ ከበስተኋላ ሳቋን ለቀቀችው፤ አጥሩ ጋ ያሉትም ተከተሏት። ኔጎሳቫ ሽርጧን ፈታ ለአክስቷ ወረወረችላትና የአረቄውን ጠርሙስ አንስታ የበሩ መድረክ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቆሜያለሁ። አሁን ግቡ፣ ሥጋው ሳይበላሽ።»

ራዳሺን ቆቡን አወለቀ። «የቤቱ ጌታ፣ እንኳን ለሚካኤል አደረሰሽ» አለና ሦስት ጊዜ ሳማት። ከእሱ በኋላ ሰልፉ ገባ። ሥጋው እንደገና ሞቀ፣ አግዳሚ ጠፍቶ ከጎረቤት መጣ፣ ልጆች እናቶቻቸው ጭን ላይ ታቀፉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ላም አርቢ ሳይቀር ከሚስቱ ጋር መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ኔጎሳቫ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች ቀዳች። እግሯ አበጠ፣ ጫማዋ አልበቃት አለ። ኮሳራ ወንበር ስባ «አሁንስ ትንሽ ዐረፍ በይ» ስትላት «ሻማው ሳይጠፋ? የለም!» አለች። ድካሙ አልተሰማትም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ተሰምቷት ነበር፣ ግን እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቷትም አያውቅም።

ሊመሻሽ ሲል ራዳሺን ጽዋውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጠጥቷል፣ ግን አልሰከረም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ዘንድሮስ አለሽልን። ማክሬኒች የሚባል ሰው ግን ካንቺ ሌላ የለም። ካንቺ ወዲያስ?»

ላም አርቢው ሳህኑን ማየት ጀመረ። ኔጎሳቫ ጠርሙሱን አስቀመጠች። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት መሪ ይዛ ተራራውን ስትወጣ ራሷን የምትጠይቀው እሱኑ ነው። መልስ አግኝታለት አታውቅም። ያን ቀን ግን ቆማ ስለዋለች ይሁን እንጃ፣ መልሱ ራሱ መጣ።

«ማክሬና ላሟ ጎን ቀንበር የገባች ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ስም የተሸከመ ስንት ሰው ነበረ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ግንባሩን ቋጠረ። «ማን ይኖራል። እሷው ናታ።»

«አንዲት ሴት። ዛሬስ?»

«አንዲት ሴት።»

«እንግዲያው ከጀመርንበት አልጎደልንም።»

ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ለቄስም ለሹምም ተነስቶ የማያውቀው ራዳሺን በትሩን ፈለገ፣ አጣው፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ እያቃሰተ ተነሳ። ጽዋውን ከፍ አድርጎ «ማክሬኒች!» አለ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ፤ ልጅ የታቀፉት ልጃቸውን እንደታቀፉ፣ ላም አርቢው ከነሚስቱ። ኔጎሳቫ ዞር ዞር ብላ አየች። ቤቷ ውስጥ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም።