ሳሙና ያቀላው ቢጫ

በአዲስ ዓመት ዋዜማ ስታዲየም አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ልጅ እቅፍ አደይ አበባ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። አልገዛም አልኳት። «ማዘር፣ በቃ አንዷን በነጻ ይያዙ» አለችኝ። ፊቴን አዞርኩ። ስስታም አሮጊት ብላኝ ይሆናል፤ ትበል። እኔ ከዚህ አበባ ጋር የተኳረፍኩት እሷ ሳትወለድ ነው።

ቤታችን ቂርቆስ ነበር። አባቴ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሳይንስ ፋኩልቲ ደርሶኛል። ኬሚስትሪን ያስወደደኝ መምህራችን ነው። ቢጫ ሁሉ አንድ ቢጫ አይደለም ይለን ነበር። የካሮት ቢጫ ዘይት ውስጥ ይሟሟል፣ የብዙ አበባ ቢጫ ደግሞ ውሃ ውስጥ። የድሮ ኬሚስቶች የረባ መሣሪያ ሳይኖራቸው አበባውን ወደ አሞኒያ እንፋሎት ያስጠጉና፣ ከቀላ ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው ወገን ነው፣ ካልቀላ ከዘይቱ ይሉ ነበር አለን። ሰው በዓይኑ ብቻ እዚህ ድረስ መሄዱ እንቅልፍ ነሳኝ።

አባቴ የፈለገው ግን ታይፕ ተምሬ ቶሎ ቢሮ እንድገባ ነው። ሳለቃቅስ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለዘብ አለና፣ ይኼ ኬሚስትሪ የሚረባ ነገር ከሆነ አሳይኝ አለኝ። ተዋዋልን። የእናቴን ነጠላ በአደይ አበባ ቀለም እነክራለሁ፤ ታጥቦ ቢጫው ከቆየ ፋኩልቲ እገባለሁ፣ ካልቆየ ታይፕ ቤት።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ጋብ ቢልም ጭቃው አልደረቀም ነበር። ከወንዝ ዳር የለቀምኩትን አበባ ከሰል ላይ ስቀቅል፣ የእርጥብ ሣር ሽታው ከጎረቤት ድፎ ዳቦ ሽታ ጋር ተደባለቀ። ነጠላው እንደ አልጫ ወጥ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እናቴም ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ስማ መጣች።

ለመስቀል ዋዜማ ሳፋው ግቢ ወጣ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አባቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ሳሙናውን ማሸት ስትጀምር ነጠላው ቀላ። ደብዘዝ አላለም፣ ቀላ። እናቴ አማተበች። እኔ ግን በደስታ ዘለልኩ፤ ሳሙናው የአሞኒያውን ሥራ እየሠራ፣ አደይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እየነገረኝ ነበር። ሎሚ አምጥቼ ጨመቅሁበት፤ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ወደ ቢጫ ተመለሰ። ምን ማለት እንደሆነ እየተንተባተብኩ ለአባቴ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ውላችን ግን ታጥቦ ቢጫው ይቆያል ነበር። ቆየ?»

አልቆየም አልኩ።

ታይፕ ቤት ልሄድ በተነሳሁበት ጠዋት ዓይኔ አብጦ ነበር። እናቴ ፀጉሬን እየጎነጎነች ልታጽናናኝ ፈለገች።

«አታልቅሺ፣ የነጠላው ጥፋት አይደለም» አለችኝ። «አባትሽ እኮ ታይፕ ቤት ያስመዘገበሽ ሐምሌ ላይ ነው። ቅር እንዳይልሽ ብሎ ነው ሞክሪ ያለሽ።»

በሐምሌ አደይ ገና አልፈነዳም።

ጡረታ እስክወጣ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖርኩ። አባቴ አይሆንም ብሎ ቢከለክለኝ ኖሮ እጣላው ነበር፤ ተጣልተንም እንታረቅ ነበር። በውል የተሸነፈ ሰው ግን ምን ብሎ ይጣላል? አስታምሜ ቀበርኩት። ሐምሌን አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳ። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ግን ያን ቀን ግቢያችን የነበሩ ሰዎች፣ አባትሽ እኮ በዚያ ዘመን ለሴት ልጁ ዕድል የሰጠ ሰው ነው ይሉኛል።

አዎ፣ ሰጥቶኛል እላቸዋለሁ።