ሬሚና የእናቴ ጾም

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሴንቴኒያል ከተማ፣ ከጥርስ ሐኪም ወጥቼ ወደ መኪናዬ ሳመራ፣ አጠገቤ ከቆመ ፒካፕ መስኮት አንድ ውሻ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ነጭ ሆኖ መላ ሰውነቱ በደቃቅ ቡናማ ነጠብጣብ የተረጨ ነው። ባለቤቱ ሲያወርደው ጅራት የሚባል ነገር የለውም፤ ጉቶ ብቻ። ሰውዬው ዘሩን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት "ብራክ ዱ ቡርቦኔ" ብዬ ቀደምኩት። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። ታሪኩ ረጅም ነው ብዬ ሸኘሁት። ለመኪና ማቆሚያ ይረዝማል እንጂ ለእናንተስ አይረዝምም።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሃያዎቹን ያላገባደድኩ ወጣት ሴት ነበርኩ። ከእናቴ ጋር አውሮራ ከተማ ትንሽ ቤት ተከራይተን እየኖርን፣ እኔ ፓርክ ሂል ሰፈር የሚኖሩ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ አዛውንት እቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ሬሚ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ብርቅ የነበረ የፈረንሳይ አዳኝ ውሻ ነው፤ ቀለሙን ፈረንሳዮቹ "የወይን ጠጅ አተላ" ይሉታል አሉኝ። በልቤ "አምቡላ በሉታ!" አልኩ። ያለ ጅራት መወለዱም የዘሩ ነው።

ውሻ እወዳለሁ ብዬ አላውቅም ነበር። ሬሚ ግን ሳያስፈቅድ ልቤ ገባ። ሽማግሌው ሲያሸልቡ ነጠላ ጫማቸው ላይ አገጩን አስደግፎ ይተኛል፤ ሲያስላቸው ቀድሞኝ ይነሳል። ሰው ሲመጣ አይጮህም፣ አይዘልም፤ መጥቶ ጭንቅላቱን ጭንህ ላይ ጣል ያደርግና ዝም ይላል። እንደሱ ጨዋ እንግዳ ተቀባይ ሰውም ብዙ አላየሁም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ሐኪሞቹ ሚስተር ዋልተር ብቻቸውን መኖር የለባቸውም አሉ። የተገኘላቸው የአረጋውያን ቤት ውሻ አይቀበልም። ሬሚን የሚፈልገው የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ውሾቹን ለአደን ብቻ የሚያወጣ፣ የቀረውን ዓመት ደጅ በሽቦ አጥር የሚያኖር ሰው ነው። "እግሬ ሥር ሲተኛ የኖረ ውሻ በሽቦ ውስጥ አይኖርም። አንቺ ውሰጂልኝ" አሉኝ።

እማዬ መልሷን ለመስጠት አልዘገየችም።

"ውሻ? እኔ በምጸልይበት ቤት?"

"እማዬ፣ ንጹሕ ነው፤ በየሳምንቱ ይታጠባል።"

"ቢፈልግ በሽቶ ይታጠብ! የውሻ ቦታው ደጅ ነው። እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ።"

እማዬ እንዲህ ካለች አለች ነው። ለሽማግሌው ግን መናገር አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ሚስተር ዋልተር ለመጨረሻ ጊዜ አደን ውሰጂኝ አሉኝ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ የገና ጾም ገብቷል። እማዬ "ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ብቻሽን አትሄጂም" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጠበል ጠርሙሷንና ስንቋን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ወደ ምሥራቅ ነዳን። በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቀርቷል፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሽማግሌው ቋንጣ አውጥተው ጋበዟት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃም አትቀምስ፣ እንኳን ሥጋ! እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች።

"ለውሻቸው አይሰጡትም?" አለችኝ።

ጠየቅኋቸው። "አደን ካለ ከጠዋት ጀምሮ አይበላም፤ ጠግቦ ከሮጠ ይታመማል" አሉ።

 እማዬ ሬሚን ገልመጥ አድርጋ አየችው።

ሜዳው ላይ ስንለቀው ያ ረጋ ያለ ውሻ ሌላ ሆነ። ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ፣ አፍንጫውን ለንፋሱ ሰጥቶ ሣሩን አሰሰው። ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ እግሩን እንዳነሳ ደረቀ። የሚታደነው ወፍ ያለበትን ማሳየቱ ነበር፤ እማዬ ግን ይህን ከየት ታውቃለች?

"በስመ ሥላሴ! ሽባ ሆነ!"

ሳልይዛት ሮጣ ጠበሉን ከጆሮው እስከ ወገቡ አርከፈከፈችበት። ሬሚ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ከፊቱ ከነበረው ሣር ግን አውራ ዶሮ የሚያህል ወፍ ቱር ብሎ ሲነሳ እማዬ በቂጧ ዘጭ አለች። ሚስተር ዋልተር ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሬሚ እንደገና ቆመ። አሁን እማዬን ክንዷን ይዤያታለሁ። ሽማግሌው ተኮሱ፤ ወፉ ክንፉን ተመትቶ ሩቅ ወደቀ። ሬሚ ሄዶ ጠፋ። ሲመለስ ሆዱ ከጎድኑ ተጣብቆ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ ወፉን በአፉ ይዟል። ወፉ በሕይወት አለ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየናል። የጌታው መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

እማዬ ተጠግታ ላባውን በጣቶቿ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ዶሮ ስትበልት የኖረች ሴት ናት፤ ቆዳ ታውቃለች።

"ጥርሱን አላሳረፈበትም" አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። "ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዱን፣ ሥጋ በአፉ ይዞ! እኔ እንኳ ለበዓል ወጥ ስሠራ 'ጨዉን ልቅመስ' እያልኩ ስንቴ ተፈትኛለሁ!"

ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁኝ።

"ንገሪያቸው" አለች። "ጾመኛ ነው በያቸው። እንዲህ ያለ ፍጡር ደጅ አያድርም፤ እኛ ቤት ነው የሚያድረው።"

ተረጎምኩላቸው።  ሚስተር ዋልተር የሬሚን ማሰሪያ ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ሰጧት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ መኪናው ጀርባ ላይ ዳቦዋን ፈታች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሬሚ ሰጥታ አብረው ቀመሱ።

ሬሚ እስኪያረጅ ከእኛ ጋር ኖረ፣ ከእማዬ አልጋ ሥር። እሑድ እሑድ ሽማግሌውን በአረጋውያኑ ቤት ግቢ እንዲያይ እንወስደው ነበር። የሰንበቴ ጓደኞቿ "ውሻ ቤት አስገባሽ አሉ" ብለው ሲያሽሟጥጧት "የእናንተ ልጆች ዓርብ በርገር ይበላሉ፤ የእኔው አይበላም" ትላቸዋለች። ማታ ማታ ሥጋ የማጎርሰው እኔ እንደሆንኩ አላወቀችም፤ ወይም አውቃ ትታኛለች።

ዛሬ ሦስቱም የሉም። ይናፍቁኛል። እኔ በጾም ደካማ ነኝ፤ ዓርብ ቀን ሥራ ቦታ ፒዛ ሲመጣ እጄ ቀድሞኝ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ፊቴ ድቅን የሚለው የቄስ ስብከት አይደለም፤ በዚያ ውርጭ ሆዱ ተጣብቆ፣ ሕይወት ያለውን ወፍ ሳይነክስ ለጌታው የሚያመጣ ውሻ ነው። አንዳንዴ እጄን እሰበስባለሁ። ሲያቅተኝ ደግሞ እበላለሁ፤ ሁሉ ሰው ሬሚ አይሆንም።