ፈረሱ አልደነበረም

ሰዎቹን አስቀድሜ ልጥራ። ጥሩወርቅ፣ ያን ጊዜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ አያ ፈንታ፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ የጋፋት ገበሬ። አጎቴ አለሙ፣ የጋሪው ባለቤት። ዳማ፣ የአጎቴ ፈረስ፤ ሰው ባይሆንም እንደ ሰው ስለተከሰሰ ስሙ እዚህ ይግባ። እኔ፣ ጋሪ ነጂው፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። የመጨረሻው፣ ልጄ ዮናስ ነው። ያን ጊዜ አልተወለደም፤ ነገሩን ከተቀበረበት ያወጣው ግን እሱ ነው።

ዮናስ ባሕር ዳር ይሠራል። ባለፈው ጥር በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቶ ደብረ ታቦር ድረስ መጣና «ሳምንት እኔ ዘንድ ይሰንብቱ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ወደ ወረታ ቁልቁል ስንወርድ አንድ ነገር ተጫነና እጁን ከመሪው አነሳ። መሪው ብቻውን ይዞር ጀመር። ልጄ ስልኩን አወጣ።

«መሪውን ያዝ» አልሁት።

«አባዬ፣ አይፍሩ። ነጩን መስመር እያየች ራሷ ትሄዳለች። ከፊቷ ሰው ካለም ራሷ ትቆማለች።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ እርስዎን አጫውታለሁ» ብሎ ሳቀ።

«ስልኩን ነው እንጅ የምታጫውተው።»

መስመሩ የተፋቀበት ቦታ ስንደርስ መኪናዋ ዋለለችና ጮኸች። ዮናስ ቸኩሎ መሪውን ያዘ። መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ለቀቀው። ያን ጊዜ «አቁም» አልሁት። አቆመ። ወርጄ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ። የስንዴ አዝመራ ታጭዶ አልቆ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ነበር።

«ምን ሆኑ አባዬ? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንሁም» አልሁት። የቀረውን መንገድ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ አኩርፎ ነዳ።

ባሕር ዳር ስንደርስ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አምጣ አልሁት። ከነላስቲኩ ነበር፤ አልተከፈተም። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት ነው። ቃል በቃል ሁለት ቀን ሙሉ አነበብሁት። መሪው ራሱ ቢዞርም የነጂው እጅ ከመሪው፣ ዓይኑም ከመንገዱ እንዳይለይ፣ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ተጠያቂው ነጂው እንደሆነ ይናገራል። ለዮናስ አሳየሁት። «እሱማ ሁሉም የሚጽፈው ነው» አለኝ። አልተቆጣሁም። ለመቆጣት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ትምህርት ያቆምሁት ከአራተኛ ክፍል ነው። ባጃጅ ገና ከተማችን ሳይገባ፣ ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር የአጎቴን ጋሪ እነዳ ነበር። ጥሩወርቅ ጎረቤታችን ስለነበረች ያለፈቻቸውን ክፍሎች መጽሐፍ ታውሰኛለች። የማነበው ጋሪው ላይ ነው። ዳማ መንገዱን ያውቃል። ወንዙ ዘንድ ውኃ ይጠጣል፣ ለተጫነ አህያ ዞር ይላል፣ ሰው ከፊቱ ከቆመ ይቆማል። ልጓሙን ከጉልበቴ ሥር አድርጌ፣ በአንድ እጄ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምሁ፣ በሌላው ገጽ እገልጣለሁ። መንገደኛው «ዳማ ይነዳል፣ ጌታው ይማራል!» እያለ ይስቅብኛል። እኔም ደስ ይለኛል። አጎቴ እንኳ በየሰው ቤት ያወራልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ነዳሁ። አንድም ነገር አልደረሰም። ሰው ጥፋቱ ወዲያው ቢቀጣው ይማር ነበር፤ እኔን ያበላሸኝ ሳልቀጣ የኖርሁት ሁለት ዓመት ነው።

ግንቦት ነበር። ጧት ካፊያ ጥሎ መንገዱ ርሷል፤ የጉና ራስ በደመና ተሸፍኗል። የጫንሁት አጣና ነው፤ ርዝመቱ ከጋሪው እጥፍ ስለሚሆን ከኋላ ብዙ ይተርፋል። አጣና የጫነ ሰው ኩርባ ላይ ከጋሪው ወርዶ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ «ከኋላ! ከኋላ!» እያለ እየጮኸ ያልፋል። ፈረሱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የአጣናው ጫፍ ወደ ግራ ይጠርጋልና። አጎቴ መጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልወረድሁም። እያነበብሁ ነበር።

ጥሩወርቅ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኮቴ ሰምታ ወደ ግራ ዳር ወጣችልን። ዳማ ኩርባው ላይ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ሳይነካት በደንብ አለፋት። ፈረስ የራሱን ወርድ ያውቃል፤ ከኋላው የተጫነበትን ርዝመት አያውቅም፤ ይህን ማወቅ የእኔ ሥራ ነበር። አጣናው ዞሮ ክንዷን መታትና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ጣላት።

እኔ የሰማሁት እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ነው። አንድ አጣና የተሰበረ መስሎኝ፣ የጀመርሁትን መስመር ጨርሼ ዞር አልሁ።

የተሰበረው ቀኝ ክንዷ ነበር። ማትሪክ ሊፈተኑ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። ጥሩወርቅ ወጌሻ ዘንድ ስለነበረች የጠየቃት የለም።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

«ፈረሱ ደነበረብኝ።»

«ከምን?»

«ከጃንጥላ።»

ካፊያ ስለነበር አመኑኝ። «እንስሳ ነው፤ ምን ይደረግ» ተባለ። አያ ፈንታ ብድግ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ከሞት ተርፋልኛለች፤ አንተም አታልቅስ» አሉኝ። አላለቀስሁም ነበር።

አጎቴ «የሰው አጥንት የሰበረ ፈረስ ከቤቴ አያድርም» ብሎ ዳማን አንበሳሜ ገበያ አወጣው። ሻጭ ነውር አይደብቅምና፣ ለገዢው «ደንባራ ነው» ብሎ ነገረው። ፈረሱ የተሸጠው በዚያ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን አላውቅም።

መጽሐፏን ልመልስ ቤቷ ሄድሁ። ክንዷ በቀርከሃ ታስሯል። እናቷ የድንች ቅቅልና ሚጥሚጣ አቀረቡልኝና ወጡ።

«ዳማ አልደነበረም» አለችኝ ጥሩወርቅ። «ኮቴውን ሰምቻለሁ። በእርጋታ ነበር የሚራመድ።»

መጽሐፉን ከድንቹ ሳህን አጠገብ አስቀመጥሁት።

«አንተ የት ነበርህ?»

«ጋሪው ላይ።»

«ጋሪው ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«አነብ ነበር።»

«ምኑን?»

«ጂኦግራፊውን። ያንችን።»

ክንዷን አየች፤ መጽሐፉን አየች። «እንግዲያው ማትሪኩንም አንተ ተፈተንልኝ» አለች።

«ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገራቸው።»

አልነገርኋቸውም።

አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። አያ ፈንታ ለሕክምና አንድ በሬ ሸጡ፤ ነገር ግን ጣቶቿ እርሳስ አጥብቀው መያዝ አልቻሉም። ፈተናው አለፈ። በዓመቱ ትፈተን ቢባል አያ ፈንታ ሌላ ዓመት የሚያስተምሩበት አቅም አጡ። ጥሩወርቅ ዓረብ አገር ሄዳ አስራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ስትመለስ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈተች። እኔም እጄን ታጥቤ እኖር ነበር። ስንገናኝ «ደህና ዋልሽ» እላለሁ፤ «ደህና ዋልህ» ትላለች። ለብዙ ዓመት ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ይዤ ሱቋ ሄድሁና እስከዚህ ያለውን አነበብሁላት። ስኳር እየመዘነች ሰማችኝ።

«አባባ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ» አለች።

«ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ካልሁህ ቆየሁ። ለልጅህ ስትሰጠው ስሜን እንዳትቀይር ብቻ። የሰው ስም ከሌለበት ተረት ይመስለዋል።»

ስለዚህ ዮናስ፣ አንብበው። መኪናህ ብልህ ናት፤ ዳማም ብልህ ነበር። የሚያግዝህ ሲበረታ ያንተ ሥራ የቀለለ ይመስልሃል። ሥራህ ግን ያው ነው፤ እሱ የማያየውን ማየት። የተጎዳው ሰው ፊት ቆመህ «መኪናዋ ናት የነዳችው» ብትል የሚያምንህ ሽማግሌ ሊገኝ ይችላል። እኔም ታምኛለሁ። መታመን ግን የማንንም አጥንት አላቀናም።

ያች ኩርባ ያስከፈለችው ሲደመር ይኸው ነው። ከጥሩወርቅ ቀኝ እጇን፣ ፈተናዋንና አስራ አንድ ዓመት። ከአያ ፈንታ የእርሻ በሬያቸውን፣ ልጃቸው በሰው አገር የቆየችበትን ዕድሜም። ከአጎቴ ፈረሱን። ከዳማ ስሙን። እኔ ያን ቀን ሁለት ገጽ አንብቤያለሁ።