ነቅታ የቀረችው አውራ ጣት

ፊውዝን ግራ ያጋባው ነገር ይህ ነበር፦ ክንድ ሙሉ ሲደነዝዝ አንዲት አውራ ጣት ለምን ነቅታ ትቀራለች?

ፊውዝ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ጣቷ ደግሞ የታናሽ እህቱ፣ የልብስ ሰፊዋ ናት። አውራ ጣቷ ሥር ያበጠውን ልታስወጣ ሐኪም ቤት ሄዳ፣ ማደንዘዣውን ብብቷ ውስጥ ወጓት። ቢላዋው ሲያርፍባት ግን ጮኸች። «ፈርተሽ ነው» ብለው ሳያወጡላት ወደ ቤቷ መለሷት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አታንሱብኝ አለች፤ እብጠቱ ግን የስፌት መርፌ እንኳ አላስይዝ አላት።

በዚያው ሰሞን ፊውዝ ለአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የትከሻና የብብት ነርቮችን ሞዴል በባለ ቀለም ሽቦ የመሥራት ሥራ አገኘ። እንዴት ደስ የሚል ዝርጋታ ነው! አምስት ሥሮች ከአንገት ይወጣሉ፤ ይጣመራሉ፣ ይከፈላሉ፣ እንደገና ተገናኝተው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ልክ እንደተሰጠው ሥዕል ሠራና ቤተ ሙከራው ውስጥ ካለ የአስከሬን ክንድ ጋር አስተያየው። አልገጠመም። ክንዱ ላይ፣ እሱ በሰማያዊ ሽቦ ከሠራው ነርቭ በቢጫ ወደ ሠራው የሚሻገር ቀጭን መስመር አለ። አፍርሶ ጨመረው። ሌላ ክንድ አየ፤ መሻገሪያው የለም።

«ዶክተር፣ ትክክሉ የቱ ነው?» አላቸው የትምህርት ቤቱን መምህርት።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም? እኔ የቤት መስመር እንዲህ ብዘረጋ እኮ ያስሩኛል!»

ሳቁ። «ሰው በአንድ ፕላን አልተሠራማ። ወደ አውራ ጣት የሚሄደው ነርቭ አንዳንዱ ሰው ላይ ከፊሉ በጎረቤቱ በኩል ይዞርና ክንድ ላይ ተመልሶ ይገባል። መድኃኒቱ ጎረቤቱን ካላገኘው፣ ያ ክፍል አይደነዝዝም።»

«የእህቴም እንደዚያ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

ፊውዝ ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ተምታቶበት ወጣ። ለእህቱ ሁሉንም ነገራት።

«እና የእኔ የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«አይ ጋሼ! ይሄን ልትነግረኝ ነው የሮጥከው?»

«አልፈራሽም ነበር ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው ከመቅደዳቸው በፊት መደንዘዟን ለማወቅ ጣቴን ይቆንጥጧት» አለች። «አንተ ግን አብረኸኝ ገብተህ አስረዳቸው።»

አሁን ፊውዝ ሞዴሉን እንደገና ፈትቶታል። ብየዳውን ትቶ፣ መሻገሪያው የሚሰካና የሚነቀል እንዲሆን እየሞከረ ነው፤ ሐኪም ቤት ይዞት ሊሄድ። እህቱ በደህናው እጇ ቢጫውን ሽቦ ወጥራ ይዛለታለች። እሱ አንዴ ሽቦውን፣ አንዴ ክንዷን እያየ፣ መሰኪያውን የት ላይ እንደሚያደርገው ግራ ገብቶታል።